በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የረቡዕ ምሳ

የአንድ አገር ሕዝብ ጠባይ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ እንግዳን የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። በአገራችን በኢትዮጵያ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በተጣራ ጊዜ፥ ባለቤቱ የማን ወገን ነህ ብሎ ሳይመረምር ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ከመሶቡ ያለውን ያቀርብለታል፤ ከመደቡም ላይ ያሳድረዋል። በማግሥቱ መንገደኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሲሰናበት ስለ በላው ዋጋ የሚነሣ ነገር የለም። እንዲያውም ልክፈል ቢል ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቈጠርበታል። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ስለ ሆነ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ዳሩ ግን ማናቸውንም ነገር ከሁለት ወገን አይቶ መፍረድ ተገቢ ነው። እንግዳ በነጻ በላ ስንል ዋጋውን የከፈለ ሰው የለም ማለታችን አይደለም። እህሉ በአንድ ገበሬ ጉልበት ታርሶ፥ በአንዲት ሴት እጅ ተፈጭቶና ተጋግሮ የቀረበ ነውና። ይህም በይበልጥ ይታይ የነበረው በድርጎ ነው። ቀድሞ ከውጭ አገር ወደ ቤተ መንግሥት ለሚመጣ መልእክተኛ፥ እንዲሁም የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ላለው መንገደኛ፥ በሚያልፍበት አገር ሁሉ እንጀራና ጠጅ፥ በግና ዶሮ፥ ማርና ቅቤ፥ ለከብቱም ገብስ እንዲሰጠው ይታዘዝለት ነበር። እንግዳው ከድንኳኑ ተቀምጦ ድርጎውን በተቀበለ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱን ያመሰግናል። ተሸክሞ የሚያመጣው ግን የዚያ አገር ባላገር ነበር። ዘመኑ የጥጋብ ቢሆን ሸክሙ ይቀልለት ይሆናል፤ አንበጣ ወይም ድርቅ በመጣበት ዓመት ግን ለእንግዳ የሚሰፈረው ከልጆቹ ቀለብ ተቀንሶ ነው። እንግዲህ ክብሩ ለአንዱ፥ ሸክሙ ለሌላው ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ በፒያሳ ሰፈር የሚገኘውን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብ ይጠቅመዋል። ብዙ ሰዎች ሆቴሉን የሚያደንቁት በአገራችን ካሉት ሆቴሎች ሁሉ ቀዳሚ ስለ ሆነ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ለእኛ ግን ከዕድሜው ይልቅ የሚደነቀው ሥራው ነው። ሰው የበላበትን ራሱ የሚከፍልበት ገበታ፥ በከተማይቱ መካከል፥ በእቴጌይቱ ስም፥ በክብር የተዘረጋው በዚህ ቤት ነውና።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በነጻ የማብላትን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ግድም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ስለ ታላቅነቱ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ፍሪዳው፥ የወጡ ዓይነት፥ ጠጁና ጠላው፥ የእንጀራው ብዛት፥ የአሳላፊዎቹም ሥርዓት ሁሉ በእሳቸው ትእዛዝ የተከናወነ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ስሟን ያወጡላት፥ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ጠላት ውኃ እንዲያጣ በማድረግ የታወቁት፥ እኚሁ እመቤት ናቸው። እንግዲህ እንደዚህ ያለውን ታላቅ ግብር ያበሉ እመቤት ገንዘብ የሚከፈልበትን ገበታ ሲያቆሙ፥ የማብላት ሙያ አልቆባቸው ወይም ልባቸው ከቸርነት ርቆ አይደለም። ዘመኑ ተለውጦ ስለ ነበረ ነው እንጂ።

የዘመኑም ለውጥ እንደዚህ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። የውጭ አገር መንግሥታትም ከአድዋ ድል በኋላ እንደራሴዎቻቸውን ልከው በከተማይቱ ሰፍረው ነበር። ነጋዴው፥ መሐንዲሱ፥ ሐኪሙ፥ አዳኙ፥ አገር ጐብኚው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄደ። ለአንድ መልእክተኛ ድርጎ መስፈር ይቻላል፤ በየሳምንቱ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ግን ከባላገር ጎተራ እየዛቁ መስጠት አይቻልም። ሆቴሉ ሥራውን በጀመረበት በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው የሚያስገርም አይደለም። የመንግሥት ሥራ በየክፍሉ ሲደለደል፥ የእንግዳም ነገር የራሱን ቤት፥ የራሱን ዋጋና የራሱን ሒሳብ አገኘ።

ነገር ግን አዲስ ሥርዓት ሲጀመር ልማድ ፈጥኖ አይለቅም። በዚያን ጊዜ እንጀራና ወጥ መሸጥ እንደ ውርደት፥ ገንዘብ ከፍሎ መብላትም ዘመድ እንደሌለው ሰው መሆን ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ የአገሩ ሰው ለመግባት አፈረ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ በልተው ጠጥተውም ሒሳባቸውን ከፈሉ፤ መኳንንቱንም እንደዚሁ እንዲያደርጉ መከሩ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ጌጥ ተጨምሮበት ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው። አገሩን ሁሉ ያበላ የነበረ ንጉሠ ነገሥት ስለ ራሱ ምሳ ከከፈለ፥ ከእሱ በታች ያለ ሰው «እኔ አልከፍልም» ሊል የሚችልበት ምክንያት የለም።

አሁን ደግሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንናገር። ሆቴሉ የሚገኘው ከመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፥ በቀድሞው የአራዳ ሠፈር ነው። በምኒልክ ዘመን ታላቁ ገበያ የሚቆመው በዚሁ በአራዳ ነበር። ኢጣልያኖች አገራችንን በወረሩበት ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስደው መርካቶ አሉት፤ ሰፈሩም ፒያሳ የሚለውን ስም ከእነሱ ቋንቋ ወረሰ፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። ቤቱ ሰፊ ሰገነት ያለው የዱሮ ሕንፃ ሲሆን፥ በውስጡ ወደ ላይ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ በስፋቱ ያስደስታል። ከወለሉ ሳንቃ ላይ ሰው ሲራመድ ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ቤቱ ስንት ትውልድ እንደ ተመላለሰበት ያሳስባል።

ይህ ቤት ያለ ፈተና አልኖረም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሑድ ዕለት እሳት ተነሥቶ የሕንፃውን ብዙ ክፍል ጐዳው፤ ጃዝ አምባ የተባለውም የሙዚቃ አዳራሽ በዚያን ቀን ጠፋ። ከተማውም በሙሉ አዘነ። በኋላ ግን ቤቱ ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለመንገድና ለከተማ ማደሻ ሥራ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፥ የቀድሞ ነዋሪዎቹና ሱቆቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ዛሬ ከዚያ የሚሄድ ሰው ዱሮ ያውቃቸው የነበሩትን ብዙ ደጃፎች አያገኝም። በለጋነቱ ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ወደ እቴጌይቱ ሆቴል ሲገባ የሚሰማው ደስታ፥ ዘመዶቹ ካለቁበት ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አክስት በሕይወት ተቀምጣ እንደማግኘት ያለ ነው።

በዚህ ሆቴል ውስጥ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የታወቀው ገበታ የጾም ምሳ ነው። እኛም ከወዳጆቻችን ጋር የሄድነው በአንድ ረቡዕ ከቀኑ በ6 ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀኖች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት የሚያደርስ ምእመን በዚህ ሰዓት ከገበታ አይገኝም። ነገር ግን የመንግሥትና የንግድ ሥራ በሰዓት የተወሰነባቸው ብዙዎች ከሥጋና ከቅቤ ርቀው ምሳቸውን በእኩለ ቀን ይበላሉ። ደግሞም በውጭ አገር ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ከቶ የማይቀምሱ ሰዎች እየበዙ ስለ ሄዱ፥ ወደ አገራችን ሲመጡ ይህን የጾም ገበታ ፈልገው ያገኙታል። እናቶቻችን ለነፍስ ብለው ያሰናዱት ወጥ ለባሕር ማዶ ሰው ደግሞ የጤና ምግብ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደስት ነው።

የገበታው ሥርዓት እንደዚህ ነው። ምግቡ በረጅም ጠረጴዛ ላይ በየሣህኑ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ተመጋቢውም ራሱ ተነሥቶ የወደደውን ያነሣል። በዚያ ቀን ካየናቸው መካከል ሽሮው፥ የምስር ክክ ወጡ፥ በእርድ የተሠራው የአተር ክክ አልጫ፥ በነጭ ሽንኩርት የበሰለው ጎመን፥ ከካሮት ጋር የተጠበሰው ፎሶልያ፥ ቀይ ሥር ከድንች ጋር፥ እንዲሁም የቲማቲም ፍትፍት ነበሩ። በሰናፍጭ የተለወሰው አዚፋ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ምራቅ ያስመልሳል፤ ነጩ የሱፍ ፍትፍት ደግሞ ያንን እሳት በቅዝቃዜው ያበርዳል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የባለሙያ ሥራ ነው። እንጀራውም ተጠቅልሎ በመሶብ ይቀርባል።

እንደዚህ ባለው ገበታ ላይ ጨዋና ባለጌ ቶሎ ይለያሉ። በቤት ውስጥ የምግቡን ልክ የምታውቀው እመቤቲቱ ናት፤ እዚህ ግን ልኩን የሚያውቀው ተመጋቢው ራሱ ነው። ዋጋውን አንድ ጊዜ እከፍላለሁ ብሎ ሣህኑን እንደ ክምር ቆልሎ ግማሹን ትቶ የሚነሣ ሰው፥ ገንዘቡን አላተረፈም፤ እህሉን አባከነ እንጂ። ጥቂት ጥቂት አንሥቶ፥ የጣመውን ለመድገም ሁለተኛ መነሣት ነውር የለበትም። ልጆችን ይዞ የሚሄድ አባትና እናትም ይህን በቃል ከመንገር ይልቅ በሥራ ቢያሳዩ ልጆቹ አይረሱትም።

በዙሪያችን የተቀመጡትን ስንመለከት ብዙ ዓይነት ሰው አየን። አንዱ የጽሕፈት ሥራ ያለበት ሰው ይመስላል፤ የወረቀት ማኅደሩን ከወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሰዓቱን እያየ ይበላል። ሦስት የውጭ አገር ሰዎች እንጀራውን በሹካ ሊቈርጡት ሲታገሉ አሳላፊዋ ቀረብ ብላ በእጅ እንዴት እንደሚቈረስ አሳየቻቸው፤ እነሱም እየሣቁ ተማሩ። ከመስኮቱ አጠገብ ነጭ ኩታ የለበሱ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ከሽሮውና ከጎመኑ ጠቅልላ «አባባ፥ ይቺን ብቻ» አለቻቸው። እሳቸውም «ጠገብሁ ልጄ፥ የት ላድርሳት?» ሲሉ፥ «አንድ ያጣላል፤ ሁለት ያፋቅራል» ብላ ሁለተኛውን አሰናዳች። ሽማግሌውም ሁለቱንም ጐረሱ። በሆቴል ገበታ ፍቅር የለም የሚል ሰው ይህን ቢያይ ኖሮ ነገሩን ይመልስ ነበር።

ከዚህም የበለጠ ያስደነቀን የሒሳቡ ክርክር ነው። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ አሳላፊዋ ሒሳቡን አመጣች። በዕድሜ ታናሽ የሆነው ቀድሞ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና «ጋሼ፥ ዛሬስ ለእኔ ይተዉልኝ» አለ። ታላቁም ወረቀቱን በመዳፋቸው ከድነው «ተው እንጂ! እኔ እያለሁ?» አሉት። «ባለፈውም እርስዎ ነዎት የከፈሉት።» «በሞቴ! እጅህን ሰብስብ።» አሳላፊዋም እንደዚህ ያለውን ክርክር ብዙ ጊዜ የዳኘች መሆኗ ያስታውቅባት ነበር፤ ፈገግ ብላ ቆየችና የታላቁን ገንዘብ ተቀበለች። ታናሹ ግን በመውጫው በኩል ዘወር ብሎ ለእሷ ያለውን ሰጥቶ ሄደ።

ይህን ስናይ አንድ ነገር ገባን። አባቶቻችን ገንዘብ ከፍሎ መብላት ሲጀመር የፈሩት፥ እንግዳ መቀበል ከአገራችን እንዳይጠፋ ነበር። እንግዳ መቀበል ግን አልጠፋም፤ ከሆቴሉ ውስጥ ራሱ ገብቶ ተቀመጠ። በሌላ አገር ወዳጆች አብረው በልተው እያንዳንዱ ድርሻውን ቈጥሮ ይከፍላል፤ በእኛ አገር ግን አንዱ ለሁሉ ካልከፈለ ምሳው ምሳ አይመስለውም። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። ለአሳላፊ ከሒሳቡ በላይ የሚሰጠውን ገንዘብ የምንጠራው ጉርሻ ብለን ነው፤ ይህም በእጅ ተጠቅልሎ ለወዳጅ አፍ የሚሰጠው እንጀራ ስም ነው። እንግዲህ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው ከኪሱ የተረፈውን ሳንቲም የሚጥል አይደለም፤ ያበላውን ሰው በተራው የሚያጐርስ ነው። ስለዚህ ሲሰጥ ዓይኑን ወደ ሰውየው መልሶ «እግዜር ይስጥልን» ማለት ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ልንሠውረው የማይገባ ነገር አለ። በአንዳንድ ስፍራ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው በሆቴል ምሳውን ከበላ በኋላ ሒሳብ እንዲመጣለት አይጠይቅም። ባለቤቱም ነገ ለፈቃድ ወይም ለግብር ጉዳይ ፊቱ እንደሚቆም ስለሚያውቅ ዝም ይላል፤ አለዚያም «ተከፍሏል» ብሎ ይሸኘዋል። ባለ ሥልጣኑ ይህን እንደ ክብር ይቈጥረዋል። ነገር ግን መርምረን ብናየው ይህ እንግዳ መቀበል አይደለም። እንግዳ መቀበል በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ በፍርሃት የሚሰጥ ገበታ ግን ስሙን የለወጠ ድርጎ ነው። ቀድሞ ባላገሩ ተሸክሞት የነበረውን ሸክም ዛሬ የሆቴሉ ባለቤት፥ ከእሱም አልፎ ደመወዟ ጥቂት የሆነችው አሳላፊ ትሸከመዋለች። በሒሳቡ ላይ ተጨምሮ በ100 15 እየታሰበ ለመንግሥት የሚገባው የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ይቀራል። እንግዲህ የመንግሥት ሰው ያልከፈለው ምሳ የሚጐዳው ከሁሉ አስቀድሞ ያንኑ የሚያገለግለውን መንግሥት ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ሆቴል አለ ብሎ የቤቱን ደጅ የሚዘጋ ሰውም አይመሰገንም። ከገጠር የመጣውን ዘመዱን፥ ቤቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ፥ «ሆቴል ያዝ፤ እኔ እከፍልልሃለሁ» ብሎ የሚሸኝ አለ። ዘመዱ የመጣው አልጋ አጥቶ ሳይሆን የወንድሙን ልጆች ሊያይ፥ ከመሶባቸውም ሊቈርስ ነው። ገንዘብ ብዙ ነገር ይገዛል፤ የቤት እመቤት «እባክዎ ይድገሙ፥ ምንም አልበሉልኝ» የምትለውን ቃል ግን አይገዛም። ሆቴሉ የተሠራው ወገን ለሌለው መንገደኛ፥ ሥራ ለያዘው ሰውና ወዳጆች ተገናኝተው ለሚጫወቱበት ጊዜ ነው፤ የዘመድን ቤት ለመተካት አይደለም።

እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ያበሉት የግብር ብዛት ዛሬ የሚገኘው በመጻሕፍት ብቻ ነው፤ የበሉትም ሰዎች ሁሉ አልፈዋል። ዋጋ የሚከፈልበት ገበታቸው ግን እሳትም ፍርስራሽም ሳያስቀረው እስከ ዛሬ ሰው ያበላል። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ አንዱ እየበላ ሌላው የሚሸከመው ገበታ ሸካሚው የደከመ ቀን ይነሣል፤ እያንዳንዱ የድርሻውን የሚያኖርበት ገበታ ግን ይኖራል። ስለዚህ ቤተ ሰባችሁን ይዛችሁ በአንድ የሥራ ቀን ወደዚህ ሆቴል ወይም ወደ ሌላው ብትሄዱ፥ ልጆቻችሁ ከምግቡ ጣዕም ጋር ይህን ሥርዓት አብረው ይልመዱ፤ በቤት ሲሆን እንግዳው ሳይጠይቅ ማብላት፥ በሆቴል ሲሆን ሳይጠየቁ መክፈል።